የጋማ ጨረር ፍንዳታን ድኅረ ፍካት ከራዲዮ እስከ ኤክስሬይ በአንድ ሞዴል ማስላት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚጀምሩ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጠው፣ የራሳቸው ቴሌስኮፕ ሳይኖራቸው፣ አንድ ላፕቶፕና የሚቆራረጥ ኢንተርኔት ብቻ ይዘው፣ የጋማ ጨረር ፍንዳታ ትቶት የሚሄደውን ብርሃን በብዙ የሞገድ ርዝመቶች ለማስላት ለሚፈልጉ የፊዚክስ ተማሪዎች ነው። ክረምት በሙሉ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ቢከርም ለዚህ ሥራ እንቅፋት አይሆንም፤ የሚያስፈልገው መረጃ ሌሎች ቴሌስኮፖች የሰበሰቡትና ለሁሉም ክፍት የተደረገ ነውና። የሚጠበቅብዎ የመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ፊዚክስ፣ የሎጋሪዝም ልምምድና ፓይተን በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ሠንጠረዥ አንብቦ ግራፍ መሳል መቻል ነው።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። በዚህ ሥራ ላይ ኮምፒዩተሩ ምንጊዜም መልስ ይሰጣል። የተሳሳተ ሰዓት፣ የተሳሳተ መለኪያ ወይም የማይመለከተው ብርሃን ቢሰጡት እንኳ ግራፉን አሳምሮ፣ ስሕተቱን በጠባብ የስሕተት ገደብ ሸፍኖ ያቀርብልዎታል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ትልቁ ክፍል ኮምፒዩተሩ ከመነካቱ በፊት በወረቀትና በእርሳስ ስለሚሠራው ሥራ ይናገራል፤ ፕሮግራሙን ስለማስኬድ የሚናገረው ክፍል አጭር ነው።

መነሻ የሚሆነው ፊዚክስ

የጋማ ጨረር ፍንዳታዎችን መጀመሪያ ያዩአቸው የኑክሌር ሙከራ እገዳን ለመቆጣጠር የተላኩት ቬላ የተባሉ የአሜሪካ ሳተላይቶች ሲሆኑ፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1967 ነበር፤ ግኝቱ ለሳይንሱ ዓለም የተገለጸው ግን በ1973 ነው። ፍንዳታው ራሱ ከሰከንድ ክፍልፋይ እስከ ብዙ ደቂቃ የሚቆይ የጋማ ጨረር ብልጭታ ነው። ከዚያ በኋላ በኤክስሬይ፣ በሚታይ ብርሃንና በራዲዮ ለቀናት፣ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት እየደበዘዘ የሚቆይ ብርሃን ይከተላል፤ ይህንንም ድኅረ ፍካት እንለዋለን። ድኅረ ፍካት ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው ቤፖሳክስ የተባለው የጣሊያንና የኔዘርላንድስ ሳተላይት እ.ኤ.አ. የካቲት 28 ቀን 1997 ባየው ፍንዳታ ነው። የብልጭታው አመነጫጨት ዛሬም የሚያከራክር ስለሆነ እዚህ አንነካውም፤ ሞዴል የምናደርገው ድኅረ ፍካቱን ነው።

የድኅረ ፍካቱ ታሪክ በአጭሩ እንዲህ ነው። ወደ ብርሃን ፍጥነት እጅግ በተጠጋ ፍጥነት የተወረወረ ጠባብ ጄት በዙሪያው ያለውን ስስ ጋዝ እየጠረገ ሲሄድ ከፊቱ ሾክ የሚባል የግፊት ግንባር ይፈጥራል። ሾኩ ከጉልበቱ የተወሰነውን ድርሻ ለኤሌክትሮኖች፣ የተወሰነውን ደግሞ ለማግኔታዊ መስክ ይሰጣል፤ የመጀመሪያውን ድርሻ ኤፕሲሎን ኢ፣ ሁለተኛውን ኤፕሲሎን ቢ እንበላቸው። የተፋጠኑት ኤሌክትሮኖች በማግኔታዊ መስኩ ውስጥ እየተጠማዘዙ ሲንክሮትሮን የሚባለውን ጨረር ያወጣሉ። የኤሌክትሮኖቹ ብዛት ጉልበታቸው በጨመረ ቁጥር በአንድ አርቢ መሠረት ይቀንሳል፤ ይህን አርቢ ፒ እንለዋለን፤ ዋጋው ብዙውን ጊዜ ከ2 ጥቂት ከፍ ይላል።

ከዚህ የሚወጣው ስፔክትረም ሦስት መሰበሪያ ነጥቦች አሉት። ከታች ጀምሮ ብርሃኑ በራሱ ኤሌክትሮኖች የሚዋጥበት ድግግሞሽ፣ ቀጥሎ ዝቅተኛ ጉልበት ያላቸው የተፋጠኑ ኤሌክትሮኖች የሚያበሩበት መነሻ ድግግሞሽ፣ በመጨረሻም ኤሌክትሮኖቹ ጉልበታቸውን በፍጥነት ጨርሰው የሚቀዘቅዙበት የመቀዝቀዣ ድግግሞሽ ይገኛል። በተለመደው ቅደም ተከተል ከመጀመሪያው ነጥብ በታች ፍለክሱ፣ ማለትም እኛ ጋ የሚደርሰው የብርሃን መጠን፣ በድግግሞሹ ካሬ ይጨምራል፤ ከእሱ በኋላ በአንድ ሦስተኛ አርቢ ይጨምራል፤ ከመነሻ ድግግሞሹ በላይ ከፒ 1 ተቀንሶ ለ2 በተካፈለ አርቢ ይወርዳል፤ ከመቀዝቀዣው በላይ ደግሞ ፒ ለ2 በተካፈለ አርቢ ይወርዳል። የራዲዮው፣ የሚታየው ብርሃንና የኤክስሬዩ ቁጥሮች ከአንድ ሾክ የመጡ ናቸው የምንለው ሁሉም በዚህ አንድ ተሰባባሪ መስመር ላይ ሲያርፉ ብቻ ነው። አንዱን ባንድ፣ ማለትም አንዱን የድግግሞሽ ክልል፣ ብቻ የሚያስረዳ ሞዴል መሥራት ለማንም አያቅትም።

አንደኛ፦ ፍንዳታውን መምረጥ

ለመጀመሪያ ልምምድ ጂአርቢ 170817ኤን እመክራለሁ፤ ጂአርቢ የጋማ ጨረር ፍንዳታ የእንግሊዝኛ ምኅጻረ ቃል ነው። ይህ ፍንዳታ ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ሲዋሃዱ የተነሣው የስበት ሞገድ ከተመዘገበ ከ1.7 ሰከንድ በኋላ የታየ ሲሆን፣ የመጣውም ኤንጂሲ 4993 ከተባለው፣ ከእኛ 40 ሜጋ ፓርሴክ ገደማ ከሚርቀው ጋላክሲ ነው። በራዲዮ፣ በሃብል ቴሌስኮፕና በቻንድራ የኤክስሬይ ሳተላይት ለዓመታት ስለተከታተሉት መረጃው ብዙ ነው፤ በአንድ መልክ ተሰናድቶ የታተመ ሠንጠረዥም አለው። ሬድሺፍቱ፣ ማለትም በጠፈር መስፋት ምክንያት የብርሃኑ ሞገድ የተለጠጠበት መጠን፣ 0.01 ገደማ ብቻ በመሆኑ የኮስሞሎጂ እርማቱ ጀማሪን አያስጨንቅም። ጉዳቱ ጄቱን ከጎኑ ሆነን የምናየው መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ከፊት ለፊት ለሚታዩ ፍንዳታዎች የተሠሩት ቀላል ዝምድናዎች በመጀመሪያዎቹ ወራቱ ላይ አይሠሩም። ከእሱ በኋላ ግዙፍ ኮከብ ሲሞት ወደሚነሡት ረጃጅም ፍንዳታዎች መሻገር ይቻላል፤ ለእነዚያ የስዊፍት ሳተላይት የኤክስሬይ መረጃ በእንግሊዝ አገር በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ክምችት ውስጥ ተሰልቶ ይገኛል።

መረጃውን አንድ ጊዜ አውርደው በላፕቶፕዎና በፍላሽ ያስቀምጡ። ኔትወርኩ በጠፋ ቁጥር ሥራው እንዳይቆም ፓይተንን፣ ናምፓይን፣ ኢምሲ የተባለውን የናሙና መውሰጃ፣ ማለትም ከመረጃው ጋር የሚስማሙ የሞዴል ቁጥሮችን በብዙ ሙከራ የሚፈልግ ፕሮግራም፣ እንዲሁም አፍተርግሎውፓይ የተባለውን የድኅረ ፍካት ማስሊያ በአንድ ጊዜ ይጫኑ። አራቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው።

ሁለተኛ፦ ሰዓት

ይህን ደረጃ ብዙዎች በአንድ መስመር ያልፉታል። እኔ የማላልፈው ሁለት ምሽት ሙሉ ያቃጠለኝ ስሕተት የራሴ ስለነበረ ነው፤ ስሕተቱም የእኛን አገር ሰው በተለይ የሚያጠምድ ነው።

ሞዴሉ የሚፈልገው ፍንዳታው ከፈነዳበት ቅጽበት ጀምሮ ያለፈውን ጊዜ በሰከንድ ነው። ሳተላይቶችና ቴሌስኮፖች ሰዓታቸውን የሚመዘግቡት ዩቲሲ በተባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። የእኛ አገር ሰዓት ከዩቲሲ 3 ሰዓት ይቀድማል፤ ግድግዳችን ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ ቀኑን ከንጋት ስለሚጀምር ከዚያ ላይ 6 ሰዓት ይቀነሳል። ለምሳሌ ጂአርቢ 170817ኤ የታየው በዩቲሲ 12፡41 ሲሆን ላፕቶፕዎ ላይ 15፡41፣ በእኛ አነጋገር ደግሞ ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም. ከቀኑ 9፡41 ነበር። ስለዚህ የፍንዳታውን ሰዓት በላፕቶፑ፣ ምልከታዎቹን በዩቲሲ የጻፈ ሰው ከእያንዳንዱ ጊዜ ላይ 3 ሰዓት ይጎድልበታል፤ የፍንዳታውን ሰዓት በግድግዳው ሰዓት የጻፈ ሰው ግን በተቃራኒው 3 ሰዓት ይጨምርበታል።

ይህ ምን ያህል ያበላሻል? አንድ ድኅረ ፍካት በእውነት በ0.9 አርቢ እየቀነሰ፣ ከፍንዳታው 5 ሰዓትና 20 ሰዓት በኋላ ተለካ እንበል። ፍለክሱ በሁለቱ ልኬቶች መካከል 3.48 ጊዜ ይቀንሳል። ጊዜዎቹ በስሕተት 2 እና 17 ሰዓት ከተባሉ አርቢው 0.58 ይሆናል፤ ይህን የሚያይ ሰው የፍንዳታው ማዕከል አሁንም ለሾኩ ጉልበት እየጨመረ ነው የሚል ትርጓሜ ውስጥ ይገባል። በስሕተት 8 እና 23 ሰዓት ከተባሉ ደግሞ አርቢው 1.18 ይወጣል፤ ይህ ቁጥር ከመቀዝቀዣው ድግግሞሽ በላይ ከሚጠበቀው ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ ማንንም አያጠራጥርም። ሁለቱም ውጤቶች ሊታተሙ የሚችሉ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ግን የግድግዳ ሰዓት ውጤቶች ናቸው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሁሉንም ሰዓት ወደ ተሻሻለው የጁሊያን ቀን፣ ማለትም ቀኖችን በአንድ ተከታታይ ቁጥር ወደሚቆጥረው የሥነ ፈለክ አቆጣጠር፣ ይለውጡ። ለዚህ ፍንዳታ መነሻው 57982.5285 ነው። ከእያንዳንዱ ምልከታ ቀን ላይ ይህን ቀንሰው በ86400 ያባዙ። ረጅም ምልከታ ከሆነ የመጀመሪያውን ሳይሆን የመካከለኛውን ሰዓት ይውሰዱ።

ሦስተኛ፦ ፍለክሱን ወደ አንድ መለኪያ ማምጣት

የራዲዮ ሰዎች በማይክሮ ጃንስኪ፣ የሚታይ ብርሃን ሰዎች በማግኒቲዩድ፣ የኤክስሬይ ሰዎች ደግሞ በአንድ ሰፊ ባንድ ውስጥ በተደመረ ኤርግ ይጽፋሉ። ሁሉንም ወደ ማይክሮ ጃንስኪ ያምጡ።

ማግኒቲዩዱ ኤቢ በተባለው ሥርዓት የተሰጠ ከሆነ 23.9 ማለት በትክክል 1 ማይክሮ ጃንስኪ ነው። ሌላውን ለማግኘት ከ23.9 ላይ ማግኒቲዩዱን ቀንሰው ለ2.5 ያካፍሉና 10ን በውጤቱ አርቢ ከፍ ያድርጉ፤ 20 ማግኒቲዩድ 36.3 ማይክሮ ጃንስኪ ይሆናል። ሥርዓቱ ቬጋ የተባለው ከሆነ መጀመሪያ ወደ ኤቢ መለወጥ አለበት፤ ሠንጠረዡ የትኛው እንደሆነ ካልተናገረ ያንን ቁጥር አይጠቀሙበት።

ኤክስሬዩ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የተሰጠው ፍለክስ ከ0.3 እስከ 10 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ባለው ባንድ ውስጥ የተደመረ ስለሆነ ወደ አንድ ድግግሞሽ ለማምጣት የስፔክትረሙን አርቢ ማወቅ ግድ ነው። የሳተላይት ሠንጠረዦች የሚሰጡት የፎቶን አርቢ ነው፤ ከእሱ 1 ሲቀነስ ቤታ የምንለው፣ ፍለክሱ በድግግሞሽ የሚወርድበት አርቢ ይገኛል፤ ይህን መቀነስ የሚረሳ ሰው ጥቂት አይደለም። ቤታ 1 በሆነበት ቀላል ሁኔታ የተደመረው ፍለክስ ለድግግሞሹና ለባንዱ ጫፎች ጥምርታ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ብዜት ይካፈላል። 1 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት 2.418 × 10¹⁷ ሄርዝ ነው፤ የ10 ለ0.3 ሎጋሪዝም 3.507 ነው። ስለዚህ በካሬ ሴንቲ ሜትር በሰከንድ 10⁻¹¹ ኤርግ የሆነ ፍለክስ በ1 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ 1.18 ማይክሮ ጃንስኪ ይሆናል። የጻፉት ፕሮግራም ይህን ቁጥር ካልሰጠዎ ወደሚቀጥለው ደረጃ አይለፉ።

የመጨረሻው ሠንጠረዥ አምስት ዓምዶች ይኑሩት፤ ጊዜ በሰከንድ፣ ድግግሞሽ በሄርዝ፣ ፍለክስ፣ የፍለክሱ ስሕተት፣ እንዲሁም ልኬቱ እውነተኛ ግኝት ነው ወይስ የላይኛ ገደብ የሚለው ምልክት።

አራተኛ፦ የሌላውን ብርሃን መለየት

ብርሃኑ እኛ ጋ እስኪደርስ ድረስ በመንገዱ ላይ ይጎድላል፤ ሌላ ብርሃንም ይቀላቀልበታል። የእኛ ጋላክሲ አቧራ የሚታየውን ብርሃን ያደበዝዛል፤ ጋዙ ደግሞ ለስላሳውን ኤክስሬይ ይውጣል። ለሁለቱም የታተሙ የሰማይ ካርታዎች ስላሉ እርማቱ አስቸጋሪ አይደለም። የፍንዳታው የራሱ ጋላክሲ አቧራ ግን አይታወቅም፤ ስለዚህ በረጃጅሞቹ ፍንዳታዎች ላይ የአቧራውን መጠን እንደ አንድ ተጨማሪ ፓራሜትር ከሞዴሉ ጋር አብሮ ማስላት ይሻላል።

የተቀላቀለው ብርሃን ከጎደለው የበለጠ አደገኛ ነው። በጂአርቢ 170817ኤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የታየው ብርሃን የጄቱ ሳይሆን ከውህደቱ የተረጨው የከባድ ንጥረ ነገሮች ጉም፣ ማለትም የኪሎኖቫው ነው። እሱን ከድኅረ ፍካቱ ጋር የደመረ ሰው ምንም ዓይነት ሾክ ሊያስረዳው የማይችል ስፔክትረም ያገኛል። ስለዚህ በሚታየው ብርሃን 100 ቀን ከመሙላቱ በፊት የተወሰዱትን ልኬቶች ከሠንጠረዡ ያውጧቸው። በአቅራቢያ በታዩ ረጃጅም ፍንዳታዎች ላይ ደግሞ ከ10 እስከ 20 ቀን ገደማ ላይ የሱፐርኖቫ ጉብታ ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ጂአርቢ 030329 ላይ የታየው ይኸው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚታይ ብልጭታ ወደ ኋላ ከሚመለሰው ሾክ ሊመጣ ይችላል። ለመጀመሪያ ሥራ ሁሉንም ለመግለጽ ከመሞከር እነዚህን ጊዜያት መተው ይሻላል፤ የተዉትን ግን በጽሑፍ ያስቀምጡ።

በራዲዮ ላይ አንድ ሌላ ነገር አለ። ከዋክብት እንደሚብለጨለጩ ሁሉ ትንሽ የራዲዮ ምንጭም በጋላክሲያችን ጋዝ ምክንያት ይብለጨለጫል። ጂአርቢ 970508 ላይ ይህ ብልጭልጭታ ከሳምንታት በኋላ መርገቡ ምንጩ ወደ ብርሃን በተጠጋ ፍጥነት መስፋቱን አሳይቷል። ለእርስዎ ሥራ ትርጉሙ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የራዲዮ ስሕተት ከተጻፈው በላይ ማስፋት እንዳለብዎ ነው።

አምስተኛ፦ በእርሳስ ማስላት

አሁን ጊዜንና ፍለክስን ሁለቱንም በሎጋሪዝም በመሳል ለእያንዳንዱ ባንድ ተዳፋቱን ይለኩ። ብርሃኑ በጊዜ የሚወርድበትን አርቢ አልፋ፣ በድግግሞሽ የሚወርድበትን ቤታ እንበል። ጄቱ ወደ እኛ ለዞረባቸው ፍንዳታዎች ሁለቱ ተዳፋቶች በፒ አማካይነት የተሳሰሩ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ይመሰክርበታል።

ፒ 2.2 ነው ብለን እንሞክር። በዙሪያው ያለው ጋዝ እኩል የተሰራጨ ከሆነ፣ በመነሻውና በመቀዝቀዣው ድግግሞሽ መካከል ቤታ 0.6፣ አልፋ 0.9 ይሆናል፤ ከመቀዝቀዣው በላይ ቤታ 1.1፣ አልፋ 1.15 ይሆናል። ጋዙ ከሟቹ ኮከብ በነፋስ የወጣና ከርቀት ጋር የሚሳሳ ከሆነ ግን በመካከለኛው ክፍል አልፋ 1.4 ይሆናል፤ ከመቀዝቀዣው በላይ ያለው አልፋ ሳይለወጥ 1.15 እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ ኤክስሬዩ ከሚታየው ብርሃን ፈጥኖ ከወረደ ጋዙ እኩል የተሰራጨ ነው፤ የሚታየው ብርሃን ፈጥኖ ከወረደ የነፋስ ጋዝ ነው፤ ሁለቱ እኩል ከወረዱ መቀዝቀዣው በመካከላቸው የለም ማለት ነው። ይህን ፍርድ ለመስጠት ኮምፒዩተር አያስፈልግም። በሁሉም ባንዶች በአንድ ጊዜ አልፋ ወደ 2.2 ከሰበረ ደግሞ የጄቱ ዳር መታየት ጀምሯል፤ ስብራቱ በአንድ ባንድ ብቻ ከሆነ ግን ጄት ሳይሆን መሰበሪያ ድግግሞሽ በዚያ ባንድ ላይ እያለፈ ነው።

ወደ ጂአርቢ 170817ኤ እንመለስ። እዚህ ከራዲዮ እስከ ኤክስሬይ ያለው ስፔክትረም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሲሆን ቤታው 0.584 ነው። መስመሩ አንድ ከሆነና ወደ ታች ከወረደ ሁሉም ባንዶች ከመነሻው በላይ፣ ከመቀዝቀዣው በታች ናቸው፤ ስለዚህ ፒ የቤታ እጥፍ ሲደመር 1፣ ማለትም 2.17 ነው። አሁን ቁጥሮቹን ይፈትኑ። ብርሃኑ ጫፍ ላይ በደረሰበት በ150 ቀን አካባቢ በ3 ጊጋ ሄርዝ ፍለክሱ ወደ 100 ማይክሮ ጃንስኪ ገደማ ነበር። ከዚያ እስከ 1 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ድግግሞሹ በ8 × 10⁷ እጥፍ ያድጋል፤ ይህን በ0.584 አርቢ ብናደርገው 41 ሺህ ገደማ ስለሚሆን ኤክስሬዩ 0.0024 ማይክሮ ጃንስኪ ገደማ መሆን አለበት። በሚታየው ብርሃን፣ በ5 × 10¹⁴ ሄርዝ ላይ፣ 0.09 ማይክሮ ጃንስኪ ይወጣል፤ ይህም 26.5 ማግኒቲዩድ ነው። ከሠንጠረዡ ጋር ሲያስተያዩት ሁለቱም ይስማማሉ። ይህን ስሌት በእጄ ስሠራው የተሰማኝ ደስታ የናሙና ፕሮግራሙ ለሰዓታት ሠርቶ ከሰጠኝ ግራፍ ይበልጣል፤ ሦስት የማይተዋወቁ መሣሪያዎች ስለ አንድ ሾክ ተመሳሳይ ምስክርነት ሲሰጡ በአንድ ገጽ ላይ ይታያልና።

ስድስተኛ፦ የጄቱን ቅርጽ መረዳትና የመጀመሪያውን ኩርባ መሳል

ማታ ኮምቦልቻ ሆኖ ወደ ሐረጎ ያየ ሰው ከደሴ የሚወርዱትን መኪኖች ያውቃቸዋል። መኪናው መብራቱን አብርቶ እየወረደ ቢሆንም ፊቱ ወደ ሌላ እስከዞረ ድረስ አይታይም፤ ጠመዝማዛው ላይ ደርሶ ወደ እኛ ሲዞር ግን በድንገት ይፈካል፤ መብራቱ ግን አልተጨመረበትም። የ170817ኤ ጄትም ፊቱ ከእኛ 20 ዲግሪ ገደማ ዞር ያለ ነበር። ልዩነቱ ጄቱ አይታጠፍም፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ የሚያበራበት ሾጣጣ እየሰፋ መጥቶ እኛን ይጨምራል እንጂ። ብርሃኑ ለአምስት ወራት ያህል ቀስ እያለ ጨምሮ ከዚያ በፍጥነት የወረደው በዚህ ምክንያት ነው። ጄቱ ዳሩ ላይ ድንገት የሚቆረጥ ቢሆን ኖሮ መነሣቱ ከታየው እጅግ የፈጠነ በሆነ ነበር፤ የታየው አዝጋሚ አነሣስ የሚያሳየው መሐሉ ብርቱ፣ ዳሩ እየደከመ የሚሄድ ጄት መሆኑን ነው። ስለዚህ በአፍተርግሎውፓይ ውስጥ ጋውሲያን የተባለውን ቅርጽ ይምረጡ።

ለመነሻ የእይታውን አንግል 0.35 ራዲያን፣ የጄቱን መሐል ስፋት 0.07 ራዲያን፣ ፒን 2.17፣ የጋዙን ጥግግት በኩቢክ ሴንቲ ሜትር 10⁻³፣ ኤፕሲሎን ኢን 0.03፣ ኤፕሲሎን ቢን 10⁻⁴፣ የመሐሉን ጉልበት 10⁵³ ኤርግ፣ ርቀቱን 1.23 × 10²⁶ ሴንቲ ሜትር ያድርጉ። አንግሎቹ በራዲያን መሆናቸውን፣ ውጤቱም የሚወጣው በሚሊ ጃንስኪ መሆኑን አይርሱ፤ የእርስዎ ሠንጠረዥ በማይክሮ ጃንስኪ ስለሆነ በ1000 ያባዙ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ በታተመበት ቅጹ ጋዙን እኩል የተሰራጨ አድርጎ ይወስዳል፤ ብርሃኑ በራሱ መዋጡንና ወደ ኋላ የሚመለሰውንም ሾክ አያሰላም። በነፋስ ጋዝ ውስጥ ለፈነዳ ረጅም ፍንዳታ ወይም ለዝቅተኛ የራዲዮ ድግግሞሽ ሌላ ማስሊያ ያስፈልጋል።

ኩርባው መረጃው ላይ ባይቀመጥ አይደንገጡ፤ ወደ ናሙና ፕሮግራሙም አይሩጡ። ፓራሜትሮቹን አንድ በአንድ በእጅዎ ያንቀሳቅሱ። ጥግግቱ ሲጨምር ጫፉ ቀድሞ ይመጣል፤ ጉልበቱ ሲጨምር ይዘገያል፤ የእይታው አንግል ሲሰፋ እጅግ ይዘገያል። የአነሣሱን ተዳፋት የሚወስነው የእይታው አንግል ከመሐሉ ስፋት ጋር ያለው ጥምርታ ነው። ኤፕሲሎኖቹ በዋነኛነት ኩርባውን ወደ ላይና ወደ ታች ያነሡታል። ኤፕሲሎን ቢ ከልክ በላይ ከፍ ሲል ግን የመቀዝቀዣው ድግግሞሽ ወደ ኤክስሬዩ ስለሚወርድ ኤክስሬዩ ከራዲዮው ተለይቶ መስጠም ይጀምራል። አንድ ከሰዓት በዚህ ላይ ያሳለፈ ተማሪ የናሙና ፕሮግራሙ ሲሳሳት ወዲያው ያውቅበታል።

ሰባተኛ፦ ናሙና መውሰድ

ለእያንዳንዱ ልኬት በሞዴሉና በመረጃው መካከል ያለውን ልዩነት በስሕተቱ አካፍለው ካሬውን ይደምሩ። የላይኛ ገደቦችን አይጣሉ፤ ብዙ ጊዜ የተሳሳተውን ሞዴል የሚገድሉት እነሱ ናቸው። በተቻለ መጠን የተለካውን ፍለክስ፣ ዜሮም ቢሆን፣ ከነስሕተቱ ያስገቡ። የተለያዩ መሣሪያዎች ልኬት ፍጹም ስለማይጣጣም በፍለክሱ መቶኛ የሚገለጽ አንድ ተጨማሪ ስሕተት እንደ ፓራሜትር ቢጨመር መልካም ነው።

ጉልበት፣ ጥግግትና ሁለቱን ኤፕሲሎኖች በሎጋሪዝም ይፈልጉ፤ ለእያንዳንዳቸውም ሰፊ ገደብ ይስጡ። የሁለቱ ኤፕሲሎኖች ድምር ከ1 መብለጥ እንደማይችል በቅድመ ግምቱ፣ ማለትም መረጃው ከመታየቱ በፊት ለፓራሜትሮቹ በሚሰጡት ገደብ፣ ውስጥ ይጻፉ። ስምንት ፓራሜትሮች ካሉ 50 ተጓዦችን፣ ማለትም የፓራሜትር ዋጋዎችን እየቀያየሩ የሚሞክሩ ናሙናዎችን፣ ለ5000 እርምጃ ማስኬድ 250,000 ስሌት ማለት ነው፤ አንዱ ስሌት የሰከንድ 1/20ኛ ቢወስድ ጠቅላላው 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። መብራት በዚህ መሐል ሊጠፋ ስለሚችል ኢምሲ እያንዳንዱን እርምጃ ወደ ፋይል እንዲጽፍ ያድርጉ፤ ይህ አገልግሎት በውስጡ ስላለ መብራቱ ሲመለስ ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል። እርምጃው ይበቃል የሚባለው የሰንሰለቱ ርዝመት ተጓዦቹ የቀድሞ ቦታቸውን ለመርሳት ከሚፈጅባቸው ጊዜ ቢያንስ 50 እጥፍ ሲሆን ነው።

ስምንተኛ፦ ውጤቱ የሚናገረውንና የማይናገረውን መለየት

መጀመሪያ ቀሪ ልዩነቶቹን ባንድ በባንድ ይሳሉ። አጠቃላይ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ኤክስሬዩ በሙሉ ከሞዴሉ በላይ፣ ራዲዮው በሙሉ ከታች ከሆነ ሞዴሉ ወድቋል። በመቶዎች የሚቆጠሩ የራዲዮ ልኬቶች ጥቂቶቹን የኤክስሬይ ልኬቶች በድምፅ ብልጫ ስለሚያሸንፏቸው ጠቅላላ ድምሩ ይህን ይደብቃል።

ቀጥሎ ፓራሜትሮቹ እርስ በርስ የሚካካሱበትን ይመልከቱ። አራቱን የማይታወቁ ነገሮች፣ ማለትም ጉልበትን፣ ጥግግትን፣ ኤፕሲሎን ኢንና ኤፕሲሎን ቢን፣ ለይቶ ለማወቅ አራት ልኬቶች ያስፈልጋሉ፤ እነሱም ሦስቱ መሰበሪያ ድግግሞሾችና የስፔክትረሙ ጫፍ ከፍታ ናቸው። በ170817ኤ ላይ ግን ያየነው አንድ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው፤ መሰበሪያ አላየንም። ስለዚህ ጥግግቱና ኤፕሲሎን ቢ በብዙ እጥፍ ሰፍተው ቢወጡ የፕሮግራሙ ድክመት አይደለም፤ መረጃው የያዘው ያንን ያህል ነው። በጣም ጠብበው ከወጡ ይልቁንስ ቅድመ ግምትዎን ይጠራጠሩ፤ መልሱ ከመረጃው ሳይሆን እርስዎ ካጠበቡት ገደብ መጥቶ ሊሆን ይችላል።

ሁሉንም ባንዶች ይዘንም የማይፈታ መካካስ አለ። እስካሁን ሾኩ ያገኛቸውን ኤሌክትሮኖች ሁሉ ያፋጥናል ብለናል። ከአሥሩ አንዱን ብቻ የሚያፋጥን ቢሆን፣ ጉልበቱንና ጥግግቱን በ10 አባዝተን ኤፕሲሎኖቹን ለ10 ብናካፍል ያው ድኅረ ፍካት ይወጣል። ስለዚህ የፍንዳታውን ጉልበት ሲጽፉ ይህን ድርሻ 1 አድርገው መውሰድዎን አብረው ይጻፉ።

የአንግሎቹም ነገር እንዲሁ ነው። የብርሃን ኩርባው የእይታው አንግልና የመሐሉ ስፋት ያላቸውን ጥምርታ በደንብ ይነግረናል፤ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ግን አይነግረንም። ይህን የፈታው በአህጉራት ተራርቀው የተቀናጁ የራዲዮ አንቴናዎች የወሰዱት ምስል ነው፤ ከፍንዳታው በኋላ በ75ኛውና በ230ኛው ቀን መካከል የምንጩ ቦታ ከብርሃን በ4 እጥፍ የፈጠነ በሚመስል እንቅስቃሴ ተዛውሮ ተገኘ። እንዲህ ያለ የሚታይ ፍጥነት ሊኖር የሚችለው ወደ ብርሃን ፍጥነት የተጠጋ ጠባብ ጄት ከእይታ መስመራችን በትንሽ አንግል ሲዞር ብቻ ነው። ይህን ልኬት ከኩርባው ጋር አንድ ላይ ካስገቡት የአንግሉ ስፋት ይጠብባል፤ ካላስገቡት ግን የአንግሉን ቁጥር ብቻውን ሳይሆን ጥምርታውን ያቅርቡ።